የማን ልክ?

ልብስ ሰፊ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ «ልክህን ልውሰድ» ሲል የሚለካው ማን እንደሆነ አያጠያይቅም። ትከሻው የለባሹ፣ ደረቱ የለባሹ፣ ጠበበኝ ሰፋኝ ብሎ የሚፈርደውም ለባሹ ነው። «በልክ የተሰፋ» የሚለው አነጋገር የማያሻማን የሚለካው፣ የሚለብሰውና የሚፈርደው አንድ ሰው ስለሆነ ነው። ቃሉን ከጨርቅ ወደ ብረት ስናሻግረው ግን ነገሩ ይደበላለቃል። ለውድድር መም የተዘጋጀች መኪና ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ጭስ ማውጫ ወልቆ በልኳ የተሠራ ሌላ ሲገጠምላት፣ ልኩ የተወሰደው ከማን ነው? ከሞተሯ ነው? ከወለሏ በታች ካለው ጠባብ ቦታ ነው? ከአሽከርካሪው ምኞት ነው? ወይስ ከመሙ አጥር ማዶ ልጁን ከሚያስተኛው ሰው ጆሮ? ጥያቄው የዕቃ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን የቃሉ ጥያቄ አድርጌ ልይዘው እፈልጋለሁ፤ አማርኛ በ«ልክ» ውስጥ አራት ነገር ጠቅልሎ አስቀምጧልና። «ልክ ነህ» ስንል እውነትን፣ «ልኩን አያውቅም» ስንል ወሰንን፣ «ልክ ገባ» ስንል መግጠምን፣ «ልከኛ ሰው» ስንል መጠነኛነትን እናነሣለን። እነዚህ አራቱ በአንድ ቱቦ ላይ ይገናኛሉ ወይ የሚለው ነው የያዘኝ።

አስቀድሞ የዕቃውን ስም እንመርምር። በጋራዥ አማርኛ ሁለት ስም አለው። አንደኛው «ጭስ ማውጫ» ነው፤ ማስወጣት፣ መልቀቅ፣ መንገድ መስጠት። ሁለተኛው «ማርሚታ» ነው፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የመኪና ዕቃ ስም ከመሆኑ በፊት ትልቅ ድስትን ይጠራ ነበር። ድስት ይከድናል፣ ያፍናል፣ በውስጡ ይይዛል። በትክክል ከተናገርን ጭስ ማውጫው መንገዱ በሙሉ ነው፤ ማርሚታው በመንገዱ ላይ ድምፅ የሚታፈንበት ሆድ ነው። በዕለት ንግግር ግን አንዱ በሌላው ስም ይጠራል፤ አንዱ ስም «ልቀቅ»፣ ሌላው «ያዝ» እያለ ሁለቱም አንድ ዕቃ ላይ ያርፋሉ። ከዚህ ሌላ ቱቦ ራሱ እንግዳ ነገር ነው። የምንከፍለው ለብረቱ ነው፣ የሚበየደው ብረቱ ነው፣ የሚያብለጨልጨው ብረቱ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ብረቱ ያጠረው ባዶ ቦታ ነው። እንግዲህ ልክ የሚወሰደው ለባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ትከሻ የለውም።

ከሞተሩ እንጀምር። ስለ ጭስ ማውጫ በሰው አፍ የሚመላለሱ ሁለት እምነቶች አሉ። አንዱ «ጭሱ ትንሽ ካልታፈነ ሞተሩ ጉልበት ያጣል» ይላል፤ ሌላው «ቱቦው በሰፋ ቁጥር ሞተሩ ይፈታል» ይላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ጭሱን በቦይ እንደሚወርድ ውኃ ስለሚቆጥሩት ነው። ጭሱ ግን አይፈስም፤ ይመታል። በባለ አራት ምት ሞተር የማስወጫው ቫልቭ በተከፈተ ቅጽበት በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ትኩስ ጋዝ ቱቦውን በጡጫ ይመታዋል፤ ያ ምት ከጋዙ ቀድሞ፣ በሰከንድ ከ500 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት፣ እንደ ድምፅ ሞገድ ይጓዛል። ቱቦው በድንገት ከሚሰፋበት ቦታ ሲደርስ ሞገዱ ተገልብጦ ይመለሳል፤ ግፊት ሆኖ የሄደው መሳብ ሆኖ ይመጣል። ይህ መሳብ ወደ ሲሊንደሩ የደረሰው የማስወጫው ቫልቭ ሊዘጋ፣ የማስገቢያውም ሊከፈት፣ ሁለቱም ለአፍታ ገርበብ ባሉበት ጊዜ ከሆነ፣ የቀረውን የተቃጠለ ጋዝ ጠርጎ ያወጣል፤ አዲሱንም አየር ይጎትታል። ፒስተኑ ገና ወደ ታች ሳይስብ ሞተሩ መተንፈስ ይጀምራል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6500 ጊዜ ሲዞር አንድ ዙር ከሰከንድ አንድ መቶኛ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው፤ ሞገዱ ደርሶ መልስ የሚያደርገው በዚህች ሽርፍራፊ ውስጥ ነው። ቱቦው ከረዘመ ይዘገያል፣ ካጠረ ይቸኩላል። ዋሽንት ነፊ ይህን በጣቱ ያውቀዋል፤ የረዘመው ዋሽንት ድምፁ ይወፍራል፣ ያጠረው ይቀጥናል፣ ሸምበቆውን የቆረጠው ሰው ቅኝቱን አብሮ ቆርጦታል። የመጥበቡና የመስፋቱም ነገር ከዚሁ ይፈታል። የጠበበ ቱቦ ጋዙን ያንቀዋል፤ ከመጠን በላይ የሰፋም የጋዙን ፍጥነት ያላላውና ምቱን ያደነዝዘዋል። ሞተሩ መታፈንን አይፈልግም፤ ሰዓቱን የጠበቀ መልስ ይፈልጋል።

ከዚህ የሚከተለው «ልክ» ለሚለው ቃል አስቸጋሪ ነው፦ ሞተሩ አንድ ልክ የለውም። በ3000 ዙር አንድ ርዝመት ይጠይቃል፣ በ6500 ሌላ። በላይኛው ዙር ጉልበት የጨመረው ያው ሞገድ በታችኛው ዙር በተሳሳተ ሰዓት ደርሶ የወጣውን ጋዝ መልሶ ሊገፋ ይችላል። ልክ የሚወስደው ባለሙያ ስለዚህ ሞተሩን ብቻ ጠይቆ መልስ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችውንና እስከ ዛሬ በእንግሊዝ መሞች ላይ የምትዘወተረውን ባለ ሁለት ወንበሯን ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እንውሰድ። ባለ 1600 ሲሲ ሞተሯ አራት ሲሊንደር አለው፤ የሚቃጠሉትም በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተራ ነው። አራቱን ቱቦዎች በአንድ ቦታ ማገናኘት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ጥቅሙ ወደ ላይኛው ዙር ያደላል። ወይም አንደኛውን ከአራተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር ካጣመሩ በኋላ ሁለቱን ጥንዶች አንድ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ጉልበቱ ወደ መካከለኛው ዙር ወርዶ ይሰፋል። የእምቢልታን ነገር ያስታውሰኛል። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ ብቻውን ዜማ አይሞላለትም፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ሲቀባበሉ ነው። የአንዱ ሲሊንደር መውጣት የሌላውን መውጣት የሚስበውም እንዲሁ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስጠብቀው የቱቦዎቹ አገነኛኘት ነው። ግን ከሁለቱ አገነኛኘቶች የትኛው ልክ ነው? መኪናዋ ለምን እንደምትፈለግ ሳይታወቅ ጥያቄው መልስ የለውም። በመም ላይ የምትነዳ መኪና ማርሽ እየተቀያየረላት ብዙውን ጊዜዋን በላይኛው ዙር ስለምታሳልፍ ቢያንስ ጥያቄው ሊመለስ ይችላል። ገበያ የሚሄድባት፣ መብራት ላይ የሚቆምባት፣ ዳገት የሚወጣባት መኪና ግን ሁሉንም ትፈልጋለች፤ ሁሉንም ለሚፈልግ ደግሞ ልክ አይወሰድለትም። ልክ መውሰድ የሚጀምረው «ይህ ይቅርብኝ» ከማለት ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ፋብሪካው ብዙ መሐንዲሶች፣ ብዙ መለኪያ፣ ብዙ ዓመት አለው፤ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ቱቦ ቆርጦ የሚበይድ ሰው እንዴት ከእሱ የተሻለ ልክ ያገኛል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፣ ግማሹንም መቀበል ግድ ነው። በእጅ የተሠራ ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ ድምፁ አምሮ፣ ብየዳው አብረቅርቆ፣ ጉልበቱ ከነበረው ያነሰ ቱቦ ሊኖር ይችላል። በእጅ መሠራት ለልክነት ዋስትና አይሆንም። ግን የፋብሪካው ልክ የማን ልክ እንደሆነ እንጠይቅ። ፋብሪካው የሚለካው ያላየውን ሰው ነው። በብርድ ጠዋት የሚያስነሣትን፣ ዝም ያለች መኪና የሚፈልገውን፣ ዓመታት ሳትዝግ እንድትቆይለት የሚሻውን፣ ዋጋዋ እንዳይወደድበት የሚሰጋውን፣ የየአገሩን ሕግ፣ ሁሉንም በአንድ ቱቦ ያስተናግዳል። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ልብስ ብዙ ገላ መሸፈኑ ጥበብ እንደሆነ ሁሉ። የጋራዡ ባለሙያ ከመሐንዲሱ በእውቀት አይበልጥም፤ የሚበልጠው አንዲት መኪና ከፊቱ ቆማለት አንድ ሰው ስለ አንድ ሥራ ስለሚነግረው ነው።

ልክ ቁጥር እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከሞተር ብስክሌት ዓለም አለ። በምሥራቅ ጀርመን፣ በቾፓው ከተማ፣ ቫልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ኤምዜት በተባለው ፋብሪካ ውስጥ የባለ ሁለት ምት ሞተርን ጭስ ማውጫ ከቀላል ቱቦ ወደ ሆዳም፣ ሁለት ጫፉ የጠበበ ቅርጽ አሳደገው፤ የሚመለሰው ሞገድ ሊያመልጥ ያለውን አዲስ ነዳጅና አየር ወደ ሲሊንደሩ መልሶ እንዲገፋለት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1961 የፋብሪካው ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር በስዊድን ከተካሄደው ውድድር ወደ ምዕራብ ኮበለለ፤ እውቀቱንም ለሱዙኪ አቀበለ፤ በ1962 በ50 ሲሲ ምድብ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሱዙኪ ነው። ልክ የአንድ ሞተር ብቻ ንብረት ቢሆን ኖሮ ይህ መሻገር ዋጋ ባልነበረው፤ የኤምዜት የ125 ሲሲ ሞተር ቱቦ ለሱዙኪው 50 ሲሲ አይሆንምና። የተሻገረው ርዝመት ወይም ስፋት አልነበረም። በምትና በመልስ መካከል ስላለው ዝምድና የተገኘው ማስተዋል ነው የተሻገረው። አንድ ቱቦ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መቅዳት ይቻላል፤ ቁጥሩ የማን መልስ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግን የቀዳው ብረት ነው።

አሁን ከመኪናዋ ሆድ ሥር እንግባ፤ ቃሉ የሚፈተነው እዚያ ነውና። መኪናዋ ከፍ ተደርጋ ቆማለች። ባለሙያው የተቆረጡትን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ እያስጠጋ፣ በሁለቱ አፎች ላይ ተሻጋሪ ምልክት በቀለም እያሰመረ፣ በሦስትና በአራት ነጥብ ብቻ ብየዳ ያስይዛቸዋል። ሙሉውን ብየዳ እዚያው አይጨርሰውም፤ ሙቀት ብረትን ስለሚጎትት፣ ገና ያልረጋ መንገድ በአንድ በኩል ከተበየደ ወደዚያው ይጣመማል። አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲጨርሰው፣ ስቴንለስ ከሆነ፣ የቱቦውን ሁለት ጫፍ ደፍኖ ውስጡን በአርጎን ጋዝ ይሞላዋል። ይህ ካልተደረገ የብየዳው የውስጥ ገጽ አየር ነክቶት እንደ ተቃጠለ ስኳር ይኮረፍፋል፤ ከውጭ ያማረው መስመር ከውስጥ ሻካራና ደካማ ይሆናል። ማንም የማያየው ገጽ ነው፤ ጋዙ የሚያየው ግን እሱን ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቱቦው ይሰቀልና ባለሙያው በቱቦውና በወለሉ መካከል ጣቱን ያስገባል። ክፍተት ይፈልጋል። ያለ ክፍተት ልክ የገባ ቱቦ ነገ ይሰበራል። አንድ ሜትር የስቴንለስ ቱቦ ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቲታኒየም የሚረዝመው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ሞተሩም በጎማ መቀመጫው ላይ ይወዛወዛል። ስለዚህ ቱቦው ከወለሉ ጋር በቡሎን ተጠፍሮ አይታሰርም፤ በጎማ ማንጠልጠያ ይንጠለጠላል። በአንዳንድ መጋጠሚያውም አንዱ ቱቦ ወደ ሌላው እንዲንሸራተት ይተውና በሁለት የብረት ሞላ ብቻ ይያዛል። በብርድ ትንሽ የሚያፈስ፣ ሲግል አብጦ የሚገጥም መጋጠሚያ ነው። ልክ የሚወሰደው ከቀዝቃዛው ብረት ነው፤ የሚኖርበት ግን ትኩሱ ነው። ከቀዝቃዛው ልክ ላይ የሙቀቱን ልክ የማያነብ ሰው፣ ፍጹም አድርጎ የገጠመው ዕለት ስንጥቁን አብሮ ገጥሞታል። «ለካ» እና «ለካ እንዲህ ኖሯል» የሚሉት ቃላት ሥራቸው አንድ ነው አልልም፤ ግን ሁለተኛው የማይከተለው መለካት ብዙም የሚታመን አይመስለኝም።

እስካሁን ልኩን የተቀበልነው ከሞተሩ፣ ከሥራው፣ ከወለሉና ከሙቀቱ ነው። የቀረው ጆሮ ነው፤ ክርክሩ የሚጦፈውም እዚህ ነው። በእንግሊዝ መሞች ላይ መኪናዋ ወደ አስፋልቱ ከመግባቷ በፊት ትቆማለች፤ ማይክሮፎን ከጭስ ማውጫው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ 45 ዲግሪ ገደድ ብሎ ይተከላል፤ ሞተሩ ከከፍተኛ ዙሩ ሦስት አራተኛ ላይ ይያዛል፤ ከፍተኛ ዙሩ 7000 ከሆነ 5250 ላይ ማለት ነው። የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ 105 ዴሲቤል ነው፤ በሌላ መም ወይም በሌላ ቀን ከዚያ ዝቅ ይላል። ድምፁን የሚወዱ ሰዎች ይህን ወሰን በጉልበት ላይ የተጣለ ቀረጥ ያደርጉታል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። ከግማሽ ሜትር ርቀት 105 ዴሲቤል የሚያሰማ ነገር ወደ ዙሪያው ሁሉ እኩል ቢበትነው እንኳ፣ በድምፅ መልክ የሚያወጣው ኃይል የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ሙሉ ጭነት ላይ ይጨምራል፤ ቢጨምርም በአሥር ሺዎች ዋት ከሚቆጠረው የሞተሩ ጉልበት ጎን ምንም ነው። ጆሮን የሚያደነቁር፣ አጥር የሚሻገር፣ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ድምፅ በኃይል ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ላባ አያክልም። ድምፅ የጉልበት ምልክት ነው ብሎ ማመን ስለዚህ ይከብዳል። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ሜትር አይደመርም፤ 3 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ ለጆሮ እጥፍ የሚመስለው ግን 10 ያህል ሲጨመር ነው። መሣሪያው የሚለካውና ሰው የሚሰማው አንድ አይደሉም።

«ድምፁ የሞተሩ ንግግር ነው» የሚለውን ተቃውሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። አሽከርካሪ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ዙሩን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ የሚንተባተብ ሲሊንደርን፣ የላላ ጓርኒሲዮንን፣ ያለቀ ነዳጅን ድምፅ ይነግረዋል። ከዚህም በላይ ውበት አለ፤ ውበቱን መካድ ሐሰት ነው። ግን ንግግር የሚሆነው እውነት ሲናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፎርሙላ አንድ ወደ 1.6 ሊትር ቱርቦና ድብልቅ ኃይል ሲዞር፣ ቀድሞ በጭሱ ያመልጥ የነበረውን ኃይል ተርባይን እየሰበሰበ ወደ ሥራ መለሰው፤ ድምፁም ለዘበ፤ ብዙ ተመልካች አዘነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ባርሴሎና ላይ መርሴዲስ በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ መለከት የመሰለ አፍ ገጥሞ ሞከረ፤ የታሰበውን ያህል ድምፅ አልሰጠም። በ2016 ደግሞ ደንቡ ከቱርቦው ተርፎ የሚለቀቀው ጋዝ የራሱ ቱቦ እንዲኖረው አደረገ፤ አንዱ ዓላማ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበር። የተመልካቹን ሐዘን እረዳዋለሁ፤ የጎደለው እውነተኛ ነገር ነበር። ሆኖም ያ መለከት ምን ሊናገር ነበር የተገጠመው? ሞተሩ ዝም ያለው ያባክነው የነበረውን ማባከን ስላቆመ ነው፤ ለዘብ ያለው ድምፁ ስለ ራሱ የሚሰጠው ታማኝ ምስክርነት ነበር። ድምፅ ከሥራው ተከትሎ ሲመጣ ምስክር ነው። ለብቻው ተፈልጎ ሲሠራ ግን የሌላ ሞተር ድምፅ ውሰት ይሆናል።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ግን ለምስክርነት አልተጠራም። ከእንግሊዝ መሞች ብዙዎቹ፣ ሲልቨርስቶንም ጉድዉድም ክሮፍትም፣ ከጦርነት በተረፉ የአየር ማረፊያ ሜዳዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ዙሪያቸው እርሻና መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የክሮፍት መም እጅግ የሚጮህባቸው ቀናት በዓመት ከ40 እንዳይበልጡ ወሰነ። በ2014 ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰፎክ፣ በሚልደንሆል አጠገብ ስላለ የሞተር ስፖርት ሜዳ ፈረደ። ሜዳው ከ1970ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለውን ቤት የገዙት ሁለት ሰዎች የመጡት በ2006 ነው። «ቀድመን ነበርን» የሚለው መከላከያ አልረዳም፤ የግንባታ ፈቃድ መኖሩም በራሱ ጩኸቱን ሕጋዊ አላደረገውም። ከፍርዱ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዳኞቹ ያጋጠማቸው ክብ ጥያቄ ነው። ጩኸት ከልክ አለፈ ለማለት የአካባቢውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአካባቢው ጠባይ ውስጥ ግን ሜዳውና ጩኸቱ ራሱ አለበት። ያነሡት መልስ፣ ሜዳው የአካባቢው አካል የሚሆነው ጩኸቱ ሌላውን ሳይበድል እስከሚዘልቅበት ወሰን ድረስ ነው የሚል ነው፤ ወሰኑን ለማግኘት ወሰኑን ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል ማለት ነው። ምክንያቱ ደካማ አይመስለኝም። ለጆሮ የሚሆን ልክ ከየትም ተቆርጦ ስለማይመጣ፣ ክቡን ጥቂት ጊዜ መዞር ግድ ይላል።

ከዚህ የሚሸሹበትም መንገድ አለ። በካሊፎርኒያ፣ በላጉና ሴካ መም፣ የድምፅ መለኪያው ከመሙ ዳር በታወቀ ቦታ ይቆማል፤ ወሰኑም ጥብቅ ነው። አንዳንድ አሽከርካሪዎች በጭስ ማውጫቸው ጫፍ ላይ ጎበጥ ያለ ቱቦ ይገጥሙና አፉን ከመለኪያው ተቃራኒ ወዳለው ጎን ያዞሩታል። ቱቦው ለማይክሮፎኑ ልክ ገብቷል። ጩኸቱ ግን ሌላ አቅጣጫ ያዘ እንጂ አልቀነሰም። በዚህ ቱቦ ላይ የቃሉ አራት ትርጉሞች ሲለያዩ ይታየኛል፤ ወሰኑ ተጠብቋል፣ መግጠሙም ተሳክቷል፣ እውነቱና መጠነኛነቱ ግን የሉም።

«የጎረቤት ጆሮ ከውጭ የተጫነ ሕግ ነው፤ የቱቦው ልክ አካል አይደለም» የሚል የመጨረሻ ተቃውሞ ይቀራል። ከሁሉም ጠንካራው ይህ ነው፤ የሙያ ሰው ሁሉ ልቡ የሚያዘነብልበትም ነው፤ ሙያው ከሞተሩ ጋር፣ ሕጉ ከባለ ሥልጣን ጋር ነው ብሎ ማሰብ ያሳርፋል። ግን ከቱቦው ልኮች መካከል ከውጭ ያልመጣ የቱ ነው? ርዝመቱን የሰጠው የሞተሩ ዙር ነው፤ መጠማዘዙን ያዘዘው ወለሉ፣ ክፍተቱን ያስገደደው ሙቀቱ፣ ዙሩን የመረጠው አሽከርካሪው ነው። ቱቦው የራሴ የሚለው አንድም ልክ የለውም። ባዶ ቦታ ነውና ቅርጹ በሙሉ የሌሎች ጥያቄ ነው። ፒስተኑን ተቀብሎ ጎረቤቱን «ውጭ» ማለት ከሚጠይቁት አንዱን ለይቶ አለመስማት ብቻ ነው። ልዩነት የለም አልልም። ፒስተን ይሰላል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፤ ፒስተን መልሱን አይለውጥም፣ ሕፃን የወለደ ወይም የታመመ ሰው ይለውጣል። ይህ ግን የጆሮን ልክ ለመውሰድ አስቸጋሪ ያደርገዋል እንጂ ልክ አለመሆኑን አያሳይም። በተግባርም ጠቡ እንደሚወራው አይከፋም። በቀጥታ የሚያሳልፍ ማርሚታ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ቱቦ ነው፤ ቱቦው በመስታወት ወይም በድንጋይ ጭረት ሱፍ ይጠቀለላል። ጋዙ ሳይታገድ መሐሉን ያልፋል፤ ድምፁ በቀዳዳዎቹ ወደ ሱፉ ገብቶ፣ በጭረቶቹ መካከል እየተፋተገ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በአንድ ዙር ላይ ብቻ የሚያጓራ ድምፅ ካለም፣ ጫፉ የተደፈነ፣ ርዝመቱ የዚያን ድምፅ ሞገድ ሩብ የሆነ ቅርንጫፍ ቱቦ በጎኑ ይበየዳል፤ ድምፁ ገብቶ ሲመለስ ከራሱ ጋር ተጋጭቶ ይጠፋል። እነዚህ ከሞተሩ የሚወስዱት ጉልበት ጥቂት ነው። የሚጠይቁት ርዝመት፣ ክብደትና ከወለል በታች ቦታ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ለጎረቤቱ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ስንት ሳንቲ ሜትር ይተውለታል የሚል ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ደግሞ ባለሙያው ሜትሩን ይዞ ሊመልሰው ይችላል።

መልሱ ግን አንዴ ተመልሶ የሚቀመጥ አይደለም። ሱፉ በየዙሩ በሚያልፈው ሙቀት ይሰባበራል፤ ብናኙ በቀዳዳዎቹ እየወጣ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ከብረቱ በስተጀርባ ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል። ከውጭ የሚታይ ለውጥ የለም፤ ብየዳው እንደነበረ ነው፣ ርዝመቱ እንደነበረ ነው፣ ጉልበቱም አልጎደለም። በጸደይ 98 ያነበበው ማይክሮፎን በመኸር ከዚያ በላይ ሊያነብ ይችላል፤ ያልተለወጠ ቱቦ ልኩን አልፎ ይገኛል። ያን ጊዜ ማርሚታው ይወርዳል፤ የጫፉ ሪቬቶች በመሰርሰሪያ ይፈታሉ፤ ክዳኑ ይነሣል፤ የጠቆረውና የረገፈው ሱፍ እየተፋቀ ይወጣል፤ በቀዳዳማው ቱቦ ላይ አዲስ ሱፍ ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ክዳኑ ተመልሶ ይገባል፤ ሪቬቱ ይመታል። መኪናዋም እንደገና ትቆማለች፤ ማይክሮፎኑ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ ገደድ ብሎ ይተከላል።